ሐተታ በእንተ አንጀተ ነፍሳት፤ በነገሌ ቦረና ግብር ቢበላ ማን በማን ራስጌ እንደሚቀመጥ

ከቀደሙት ሊቃውንት አንዱም አጥብቆ ያልመረመረው፣ ቢመረምረውም ጽፎ ያላቆየው፣ ነገር ግን ብያኔ ሳያገኝ ሊታለፍ የማይገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በነገሌ ቦረና፣ ከዚያም ወዲያ በያቤሎ፣ በሜጋና በሞያሌ ቆላ የሚኖሩ ነፍሳት ሁሉ በአንድ አዳራሽ ግብር ቢጠሩ፣ ማን በራስጌ፣ ማንስ በግርጌ ሊቀመጥ ይገባዋል የሚለው ነው። አንዳንዶች ማዕርግን በክንፍ ይመድባሉ፤ ሌሎች በአካል ግዝፈት፤ የቀሩትም በድምፅ። በክንፍ የመደቡት ቁንጫን ከነቤተሰቡ ከደጅ አስቀርተዋል፤ በድምፅ የመደቡትም ፌንጣን ከሁሉ በላይ አስቀምጠው ሌሊቱን ሙሉ ሲጸጸቱ አድረዋል። እኛ ግን ግብር የመብል ሥርዓት እንደ መሆኑ መጠን፣ የማዕርጉ መለኪያም መብልን ተቀብሎ የሚያስተዳድረው ብልት፣ ማለትም አንጀት፣ ሊሆን እንደሚገባ በዚህ ሐተታ እናስረዳለን።

ነገሌ ለዚህ ምርምር የተመረጠችው በዘፈቀደ አይደለም። በአገራችን ታሪክ ከርስና ማዕርግ ፊት ለፊት ተገናኝተው የተፈተኑባት ከተማ እርሷ ናትና። በጥር 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈሩት የብርጌድ ወታደሮች፣ ቀለባቸው ተበላሽቶ፣ የውኃ መሳቢያቸው ከሥራ ውጭ ሆኖ፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱም በተከለከሉ ጊዜ አመፁ፤ ነገሩን አጣርተው እንዲመለሱ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዘው፣ ራሳቸው የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ድርጊት ለአብዮቱ መቅድም አድርገው ያነቡታል። በእኛ ሙያ ዓይን ሲታይ ግን ነገሩ ከዚያ የጠለቀ ነው፤ አንድ ዓይነት መብል በሁለት ልዩ ልዩ ማዕርግ ባላቸው ሆዶች ውስጥ ገብቶ ተፈተነ፤ በትከሻ ላይ ያለው ኮከብም ውኃውን አላጣፈጠውም። ከዚህ የሚከተለው በሰው ዘንድ ማዕርግ ከአንገት በታች እንደማይወርድ ነው። ስለዚህ ማዕርግ እስከ አንጀት የሚዘልቅበትን ፍጥረት የሚሻ ተመራማሪ፣ ወደደም ጠላ፣ ከሰው ወገን ወጥቶ ስድስት እግር ወዳላቸው መሄድ አለበት።

የሦስት አፅቄዎች፣ ማለትም የነፍሳት፣ አንጀት እንደ ስማቸው ሁሉ በሦስት ይከፈላል፤ ፊተኛው፣ መካከለኛውና ኋለኛው ተብሎ። ፊተኛው መቀበያ ነው፤ በውስጡ መብል የሚጠራቀምበት ቋት፣ በአንዳንዶቹም ዘንድ ጥርስ ያበቀለ መፍጫ ይገኛል። መካከለኛው ኢንዛይም የሚመነጭበት፣ የላመውም ወደ አካል የሚሰርጽበት ነው። ኋለኛው ውኃውን መልሶ ይመጥጥና የተረፈውን ያሰናብታል። ፊተኛውና ኋለኛው የተለበጡት ከውጭ ቆዳቸው ጋር ወገን በሆነ ገበር ስለሆነ፣ ነፍሳቱ ቆዳቸውን በሚቀይሩበት ጊዜ የአንጀታቸውንም ገበር አብረው ያወልቃሉ። ከሰው ወገን ለግብር ቀን ልብሱን ቀይሮ የሚመጣ ብዙ ነው፤ ጉሮሮውን ቀይሮ የመጣ ግን እስከ ዛሬ አልተመዘገበም።

በመካከለኛውና በኋለኛው አንጀት ድንበር ላይ ከደም ውስጥ ዝቃጭን ለቅመው ወደ አንጀት የሚያፈስሱ፣ የኩላሊትን ግብር የሚፈጽሙ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ስማቸው የማልፒጊ ቱቦዎች ነው፤ የቦሎኛው ሐኪም ማርቼሎ ማልፒጊ የሐር ትልን ሆድ ከፍቶ ያየውን ጽፎ፣ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በ1669 እ.ኤ.አ. አሳትሞለታል። ይህ ሰው ትሉ ሳንባ እንደሌለውና በጎንና ጎኑ በተደረደሩ ቀዳዳዎች እንደሚተነፍስም ገልጧል። ግኝቱ ለሥርዓተ ግብር ያለው ጥቅም እስካሁን በማንም አለመነገሩ ያስገርመናል፤ አፉ ሙሉ በሙሉ ለመብል የተለየ፣ በጉርሻና በጉርሻ መካከል ትንፋሽ ለመውሰድ የማያቋርጥ ታዳሚ ምን ያህል ሞሰብ እንደሚያራቁት አስቀድሞ ማስላት የግብሩ አዛዥ ፈንታ ነውና።

ከዚሁ ከሐር ትል እንጀምር፤ ለቆላው እንግዳ ነውና። እንግዳ ይሁን እንጂ ከአገራችን ጋር የቆየ ሒሳብ አለው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቁስጥንጥንያው ቄሣር ዮስጢንያኖስ ሐርን ከጠላቶቹ ከፋርሶች እጅ ላለመግዛት ሲል ወደ አፄ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ፣ አክሱማውያን ሐሩን ከህንድ ገዝተው ለሮም እንዲሸጡ እንደለመነ ፕሮኮፒዮስ ጽፏል። ምክሩ አልሠመረም፤ የፋርስ ነጋዴዎች የህንድ መርከቦች መጀመሪያ በሚደርሱባቸው ወደቦች ቀድመው እየተገኙ ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙት ነበርና። ዓመታት ቆይቶም መነኮሳት የትሉን እንቁላል ወደ ቁስጥንጥንያ አደረሱ፤ የአክሱምም ንግድ ሳይጀመር ተዘጋ። እንግዲህ ትሉ በግብሩ ላይ ሲገኝ ይህ 1,500 ዓመት ገደማ ያለፈው ጉዳይ ሊነሣበት ይገባል ወይስ እስኪበላ ይታለፍ በሚለው ላይ አሳባችን ይታለፍ ወደሚለው ያዘነብላል፤ እየበላ የተከሰሰ አይፈጭምና።

ዛሬ በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የዚህ ትል ሁለት ወገኖች ይጠናሉ። አንደኛው መልበሪ ከተባለው ዛፍ ቅጠል በቀር ሌላ የማይቀምስ ነው፤ ሁለተኛው ኤሪ ይባላል፣ ቀለቡም በየአጥሩ ሥር ሳይዘሩት የሚበቅለው ጉሎ ነው። ሁለቱም መርዝን በመናቅ ይመሳሰላሉ። የመልበሪ ወተት ሌሎች አባጨጓሬዎችን የሚያመነምን፣ ስኳር መስሎ ስኳር የማይሆን ቅመም አለበት፤ የሐር ትሉ አንጀት ግን በዚህ አይታለልም። የጉሎም ፍሬ ሰው የሚገድል ሆኖ ሳለ ኤሪው በቅጠሉ ይወፍራል። የመልበሪው ትል ከእንቁላሉ ከወጣ በ1 ወር ገደማ ክብደቱን 10,000 ጊዜ ያህል ያበዛል። መካከለኛ አንጀቱ የአካሉን አብዛኛውን ስፍራ የያዘ ቀጥ ያለ ቧንቧ ሲሆን፣ ውስጡም እንደ ሰው ጨጓራ አሲድ ሳይሆን የፒ ኤች ልኬቱ 10 ገደማ የደረሰ አልካሊ ነው። ይህን ይዘን ትሉ ቃር የሚባለውን ሕማም አያውቅም ብለን ባንደመድምም፣ ያውቃል የሚለውም ማስረጃውን ያቅርብ።

በዚህ ቦታ አንድ የተስፋፋ ስሕተት ሊነቀል ይገባዋል። ሐር ከትሉ አንጀት የሚወጣ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም፤ ሐር የሚመነጨው ከምራቅ እጢዎች ወገን ከሆኑ፣ ከአንጀቱ ግራና ቀኝ ከተዘረጉ ሁለት እጢዎች ሲሆን፣ መውጫውም በከንፈር ሥር ነው። ስለሆነም በጠበቀ ሳይንሳዊ አነጋገር፣ መኳንንት ለግብር የደረቡት የሐር ካባ በትከሻ ላይ የደረቀ ምራቅ ነው፤ በአንገታቸው የሚያስሩትም እንዲሁ። ይህን በአዳራሹ ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር ግን ከሐተታው ወሰን ውጭ ነው።

ትሉ ክሩን መፍተል ከመጀመሩ በፊት አንጀቱን አራግፎ ባዶ ያደርጋል። ከሙሽሬው የምትወጣው የእሳት እራትም አፏ ለመብል የማይሠራ ስለሆነ፣ ባላት ጥቂት ቀን ተጋብታ፣ እንቁላሏን ጥላ፣ ምንም ሳትቀምስ ትሞታለች። በግብር አዳራሽ አስተዳደር ላይ ያሰቡ ሁሉ የዚህን ጥቅም ወዲያው ይረዱታል። ከጥንት ጀምሮ የአጋፋሪነት ትልቁ ችግር በር ጠባቂው ራሱ ሆድ ያለው መሆኑ ነበር። ስለዚህ እንዲህ በይነናል፦ ትሉ ትል ሳለ በመካከለኛው መደብ፣ ቅጠል በሚገባበት በኩል ይቀመጥ፤ የእሳት እራት በሆነ ጊዜ ግን ከማዕድ ተነሥቶ አጋፋሪ ይሾም። ሹመቱ ከአንድ ሳምንት እምብዛም የማያልፍ መሆኑም ዘመድ አዝማድ ለማስገባት ፋታ አይሰጥም።

የበረሃ አንበጣን በሚመለከት ጭንቀቱ ማዕርግ ሳይሆን ቁጥር ነው። አንዱ አንበጣ 2 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በቀንም የክብደቱን ያህል ይበላል፤ ይህ ብቻውን ሲታይ ልከኛ ነው። ዳሩ ግን 1 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን ሲደርስ፣ የዕለት ቀለቡም የ35,000 ሰው ያህል እንደሆነ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አስልቷል። የቦረናና የጉጂ ሰው ይህን በ2012 ዓ.ም. በቆርቆሮና በጩኸት እያባረረ ያጠናው ስለሆነ እዚህ ማብራራት አያሻም። ለእኛ የሚያሻው ለአጋፋሪዋ የሚሰጠው መመሪያ ነው። አንበጣ ለብቻው ሲኖር ሰላማዊና ጓደኛ የማይሻ ፍጥረት ነው፤ ነገር ግን በመጋፋት የኋላ ጭኑ ደጋግሞ ሲነካካ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በአካሉ ሴሮቶኒን የተባለው ቅመም ይበረክትና ጠባዩ ተለውጦ መንጋ ፈላጊ ይሆናል። እንግዲህ በግብር በር ላይ ሕዝብ ሲገፋፋ ሌላውን እንዳሻው በዱላ መመለስ የተፈቀደ ቢሆንም፣ የአንበጣን የኋላ ጭን መንካት ግን በጥብቅ የተከለከለ ነው። ከዚህም ሌላ በአንጀቱ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጓያኮል የተባለ ሽታ ይሠሩለታል፤ ሽታውም ከኩሱ እየተነሣ መንጋውን ለመሰብሰብ ያግዛል። ስብሰባ የሚጠራው በኩሱ ሽታ ነው ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ አጠራር ያላቸው ማኅበራት እንዳሉ እናውቃለን፣ የተሻለ ተሰብሳቢ ያላቸው ግን ጥቂት ናቸው። ቦታው ከድንኳን ውጭ፣ ከነፋስ በታች ይሁን።

አሁን የሐተታው ራስ ወደሆነው ወደ ምስጥ ደርሰናል።

በቦረና ሜዳ ከሰው ቁመት በላይ ቀጥ ብለው የቆሙትን ቀያይ ኩይሳዎች ያየ መንገደኛ ቤት ያየ ይመስለዋል። ያየው ጨጓራ ነው። ኩይሳ የሚሠሩት ትላልቆቹ ምስጦች እንጨትና ሣርን በራሳቸው አንጀት ብቻ ፈጽመው ለማላም አይታመኑም፤ ስለዚህ ሥራውን በክፍል አደራጅተውታል። ለጋው ሠራተኛ እንጨቱን ከእንጉዳይ ዘር ጋር ቀላቅሎ ይውጣል፤ በአንጀቱ ፈጥኖ ያሳልፍና በኩይሳው እልፍኝ ውስጥ እንደ ሰፍነግ ባለ ክምር ላይ ያኖረዋል። በዚያ ላይ ተርሚቶማይሲስ የተባለው እንጉዳይ ይበቅልና ምስጡ ያልቻለውን ሴሉሎስና ሊግኒን ያላላል፤ የበሰለውንም ክምር ሸምገል ያሉት ሠራተኞች ዳግመኛ ይበሉታል። ይህ ማኅበር ከተመሠረተ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል።

የቆላ መዝገብ ቤቶችን የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ትርጉም ለማግኘት ብዙ አይቸገርም። ወረቀት ሴሉሎስ ነው፤ ምስጥም በገቢና በወጪ ደብዳቤ መካከል ልዩነት አያደርግም፣ ክብ ማኅተምም አያግደውም። አንድ አቤቱታ በመደርደሪያ ላይ ሳለ በምስጥ እጅ ከገባ፣ መጀመሪያ በለጋው ሠራተኛ አንጀት በመጀመሪያ ደረጃ ይታያል፤ ቀጥሎ በእንጉዳዩ ዘንድ በይግባኝ ይመረመራል፤ በመጨረሻም በሽማግሌዎቹ አንጀት ውስጥ ይግባኝ የሌለው ውሳኔ ያገኛል። ዝናም ሲጥል ደግሞ እንጉዳዩ ኩይሳውን ሰንጥቆ ይወጣል፤ ይህም በአፍሪካና በእስያ ሰው ለቅሞ የሚበላው ጣፋጭ እንጉዳይ ነው። ባለጉዳዩ ከብዙ ዓመት በኋላ አቤቱታውን በዚህ መልክ ተመልሶ ቢያገኘው መልስ አልተሰጠኝም ሊል ይችላልን? ከሕግ አዋቂዎች ጋር ተነጋግረን ይችላል ወይም አይችልም በሚለው ሳንስማማ ቀርተናል። እኛ የቆምነው በቀረበለት መዝገብ ሁሉ ላይ ሳያዳላ የሚወስን አካል መሰደብ የለበትም በሚለው ላይ ነው።

ጉርሻን በተመለከተም ምስጥን የሚስተካከል የለም። የምስጥ ወታደር መንጋጋው ለውጊያ ከመግዘፉ የተነሣ ራሱን መመገብ አይችልም፤ ዕድሜውን ሙሉ በሠራተኞች ጉርሻ ይኖራል። በቀን በሺህ የሚቆጠር እንቁላል የምትጥለው ንግሥትም እንዲሁ ትጎረሳለች። ይህ ጉርሻ ዘእምቅድም ይባል፣ ማለትም ከአፍ ወደ አፍ። ሌላ ጉርሻም አለ። እንጉዳይ የማያለሙ፣ እንጨቱን በኋለኛ አንጀታቸው በሚኖሩ ፕሮቶዞዋዎች የሚያስፈጩ የምስጥ ወገኖች ቆዳቸውን ሲቀይሩ የአንጀታቸው ገበር ከነፕሮቶዞዋዎቹ ይወገዳል፤ አሜሪካዊው ሌሙኤል ክሊቭላንድ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳየውም፣ እነዚያን ያጣ ምስጥ እንጨት እየበላ በረኃብ ይሞታል። ስለዚህ ከወንድሙ ኋላ ቀርቦ፣ ከዚያው ተቀብሎ ማኅበሩን በሆዱ ውስጥ ይተካል። ይህም ጉርሻ ዘእምድኅር ይባል። ጉርሻ ፍቅር ነው የሚለውን የአገራችንን ትምህርት የምንቀበል ከሆነ፣ ከሁለቱ የትኛው የላቀ ፍቅር እንደሚጠይቅ ክርክር የለውም። ሆኖም በአንድ ማዕድ ላይ ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ፣ የኋለኛው ከመጋረጃ በስተጀርባ ብቻ እንዲፈጸም ሥርዓት ሠርተናል።

ከላይ በተዘረዘረው ሁሉ የራስጌው ወንበር ለምስጥ ይገባል። የሚቀረው አንድ ችግር ነው፦ ምስጡ ሞሰቡን፣ ወንበሩን፣ መጋረጃውንና የአዳራሹን ማገር ሳይቀር ከመብል ወገን የሚቆጥር መሆኑ። ሞሰብ ዕቃ ነው ወይስ ምግብ በሚለው ላይ ከታዳሚው ጋር መከራከር ግብሩን ያጓትታል። ወንበሩ ድንጋይ ይሁን።

የወባ ትንኝ ከሃይማኖት በኩል የምትመረመር ናት። ወንዱ ዕድሜውን ሁሉ የአበባ ወለላ እየላሰ የሚኖር ጾመኛ ነው። ሴቷም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ናት፤ ደም የምትሻው እንቁላሏን ለማሳደግ ነው። የሚደንቀው ግን አቀማመጧ ነው፤ ወለላው ወደ ቋቷ፣ ደሙ በቀጥታ ወደ መካከለኛ አንጀቷ ይሄዳል፤ ጠንቃቃ የሆነች ባልቴት ለጾምና ለፍስክ ድስት እንደምትለይ ማለት ነው። ሮናልድ ሮስ በነሐሴ 1897 እ.ኤ.አ. የወባን ተውሳክ ያገኘው በዚሁ በፍስኩ ድስት ግድግዳ ላይ ነበር፤ በ1902 እ.ኤ.አ.ም ኖቤል ተሸለመበት። እርሷ ምንም አልተሰጣትም። ጾመኞች ባሉበት ተርታ ትቀመጥ፤ ከሰው ግን በአጎበር ትለይ። ዝንብ የሚበላውን አስቀድሞ ተፍቶበት አሟሙቶ የሚመጥጥ ስለሆነ፣ የነገሌ ሥጋ ቤቶች በሚያውቁት ምክንያት፣ ተጨማሪ ሐተታ አያስፈልገውም፤ ባይጠራም ይመጣል።

መዥገርን በሚመለከት ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። መዥገር ስምንት እግር ያለው የሸረሪት ዘመድ ስለሆነ በዚህ ግብር ላይ መብት የለውም። ነገር ግን ከእንቁላሉ እንደወጣ ስድስት እግር ብቻ ይዞ ስለሚታይ፣ በለጋነቱ ከነፍሳት ወገን መስሎ ለመግባት ይሞክራል። አጋፋሪዋ እግር ቆጥራ ስድስት ባገኘች ጊዜ እንኳ ዕድሜ ትጠይቅ።

እበት አንከባላዩ ጥንዚዛ በልዩ ልዩ ምክንያት ሲናቅ የኖረ ነው። ጎልማሳው ጥንዚዛ እበቱን እንዳለ አይበላም፤ ከእርጥቡ ክፍል እጅግ ደቃቁን እያጠለለ ይመገባል፤ ሻካራውን የሚያኝከው እጩ ነው። ማለትም አባት ያጣጥማል፣ ልጅ ይሠራል፤ ይህ በብዙ የተከበሩ ቤቶች ያለ ልማድ በመሆኑ ማዕርጉን ዝቅ አያደርገውም። አውስትራሊያ በከብቶቿ እበት ተጨናንቃ፣ የአገሯ ጥንዚዛዎች የካንጋሩ ኩስ እንጂ የላም እበት የማይሆንላቸው መሆኑን በተረዳች ጊዜ፣ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የአፍሪካ ጥንዚዛዎችን አስመጥታ ለቅቃለች፤ ላም የሚያውቅ አንጀት ካለበት ይመጣል። የቦረና ከብት ባለበት አገር የሚኖር ጥንዚዛ ምን ያህል የተመረጠ ማዕድ ላይ እንደተቀመጠ ከዚህ ይገመት። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ይህ ፍጥረት ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ድርሻውን እያንከባለለ ቀጥ ብሎ የሚሄደው የሰማዩን የከዋክብት ጭፍራ እያየ መሆኑን አረጋግጧል፤ ተመራማሪዎቹ ነገሩን ያረጋገጡት ለጥንዚዛዎቹ ትንንሽ ባርኔጣ አድርገው ሰማዩን በመከለል ነው፤ ባርኔጣ የደፉትም መንገድ ስተዋል። ስለዚህ ድርሻውን ቋጥሮ ወደ ቤቱ መውሰዱ አይነቀፍ፤ መብራት ይዞ የሚሸኘው ሎሌም አያስፈልገውም፤ ባርኔጣውን ግን በመግቢያው ላይ ያስረክብ።

በመጨረሻ የሚቀመጠው በአሸዋ ላይ የማጥለያ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ከታች ሆኖ የሚንሸራተተውን ጉንዳን የሚጠብቀው የአሸዋ እጭ ነው። የዚህ እጭ መካከለኛ አንጀት ከኋለኛው ጋር አልተገናኘም፤ ጫፉ ዝግ ነው። የጉንዳኑን ጭማቂ ይመጥጣል፣ ዝቃጩንም ይዞ ይኖራል፤ እጭነቱ ሁለትና ሦስት ዓመት ሊወስድ ቢችልም አንድ ጊዜ እንኳ አይወጣም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔና በአዶላ በኩል ነገሌ የሚገባ የአውቶቡስ መንገደኛ የዚህን ትዕግሥት ልክ ከማንም ይልቅ ያደንቀዋል ብለን እናምናለን። እጩ ክንፍ አውጥቶ በተገለጠ ጊዜ የዓመታቱን ሁሉ ባንድነት ያወርዳል። ስለዚህ ወንበሩ ከበሩ አጠገብ፣ ከመኳንንቱ ካባ የራቀ ይሁን፤ ክንፉ መታየት ሲጀምር አጋፋሪዋ ሳትጠየቅ በሩን ትክፈትለት፤ ከበሩ ውጭ ያለው ስፍራም አስቀድሞ ለጥንዚዛው ይነገረው፤ ምንም እንኳ የሦስት ዓመት የጉንዳን ዝቃጭ ከእበት ይቆጠር አይቆጠር የሚለው ራሱን የቻለ ሐተታ የሚሻ ቢሆንም።